የሦስተኛው ምድጃ ሙቀት

በ1975 ዓ.ም. የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ፤ በዚያ ዕድሜዬ በሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ቀናሁ። ሰው የሚቀናው በሚስት ነው፣ በቤት ነው፣ በከብት ነው። እኔ የቀናሁት በስምንት መብራት ነው፤ ያውም እያንዳንዱ ከሽምብራ ፍሬ በማይበልጥ። ነገሩ ከሥሩ ካልተነገረ ስለማይገባ ከሥሩ ልንገራችሁ።

የምሠራው ከከተማው ዳር ባለ የኖራ ፋብሪካ ነበር። ድንጋይ አቃጥለው ኖራ የሚያደርጉ ሦስት ትልልቅ ምድጃዎች ነበሩን። የየምድጃው ሙቀት በሽቦ እየመጣ አንድ ክፍል ውስጥ ወዳለ ማሽን ይገባል። ኮምፒውተር ነው። ያኔ ድሬዳዋ ውስጥ ኮምፒውተር አይቻለሁ ብትል ሰው ያሾፍብሃል፤ እኔ ግን በየቀኑ አቧራውን እጠርግለት ነበር። ሥራዬ ይኸው ነው፤ አቧራ መጥረግ፣ ወረቀት ማጉረስ፣ ማቀዝቀዣው እንዳይቆም መጠበቅ። ማሽኑ ሙቀት አይወድም። በሰኔ አገር ምድሩ ሲነድ እኔ ለማሽን ተብሎ በተከፈተ ንፋስ ሹራብ ለብሼ እቀመጥ ነበር። ድንጋይ የሚጭኑት ጓደኞቼ በበሩ ሲያልፉ በክፉ ዓይን ያዩኝ ነበር። ስለዚህ ቅናትን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ።

ትምህርት እንዳትጠይቁኝ። ትንሽ ቁርኣን ቤት ቆይቻለሁ፤ የአማርኛ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ሰርተፊኬት አለኝ። ግን ጋዜጣ አንብብ ብትሉኝ አንዱን ገጽ ሳልጨርስ ሌላ ጋዜጣ ይወጣል። ቁጥር ላይ ነው ማንም የማይደርስብኝ።

ማሽኑን የተከለው ከሶሻሊስት አገር የመጣ ፈረንጅ ነበር። እሱ አማርኛ አያውቅ፣ እኔ የሱን አላውቅ። የምንግባባው በጣት ነበር። በጣት መግባባት ደግሞ ለኔ አዲስ አይደለም፤ አባቴ የግመልና የፍየል ደላላ ነበር። ደላላና ገዢ ዋጋ ሲነጋገሩ ሰው እንዳያይባቸው እጃቸውን በፎጣ ስር ከተው ጣት ለጣት ይጨባበጣሉ። ሦስት ጣት ከያዘህ ሦስት ነው። ሦስት አሥር ይሁን ሦስት መቶ ግን ጣት አይናገርም። እሱ ከፎጣው በፊት በአፍ ያልቃል። ያንን ሳይጨርስ እጁን ፎጣ ስር የሚከት ሰው፣ አባቴ እንደሚለው፣ ግመሉን በፍየል ዋጋ ሸጦ ይገባል።

ፈረንጁ መብራቱን ያስተማረኝ እንዲህ ነው። ማሽኑ ውስጥ ብዙ ሺህ ትንንሽ ቤቶች አሉ፤ የገበጣ ጉድጓድ ብላችሁ ቁጠሩት። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቁጥር አለው። ከማሽኑ ፊት ባለው የስዊች ረድፍ የቤቱን ቁጥር ስትሰጠው፣ በዚያ ቤት ውስጥ ያለው ነገር ከላይ ባሉት ስምንት መብራቶች ይታያል። የቀኝ ዳሯ መብራት ከበራች አንድ ነው፤ ቀጥላ ያለችው ሁለት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት፤ እንዲህ እጥፍ እጥፍ እያለ እስከ መቶ ሃያ ስምንት ይሄዳል። የበሩትን ትደምራለህ፣ አለቀ። አንድ ቤት ከሁለት መቶ ሃምሳ አምስት በላይ አይችልም። የምድጃ ሙቀት ከዚያ ስለሚበልጥ ሁለት ቤት ይይዛል፤ በመጀመሪያው ቤት ትርፍራፊው ይቀመጣል፣ በሁለተኛው ቤት ያለው እያንዳንዱ አንድ ደግሞ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ማለት ነው። ትምህርት ቤት የሄደ ሰው ነው ይህን የሚያከብደው። እኔ በሦስት ቀን ያዝኩት።

ፈረንጁ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ። ማተሚያው ግማሹን ቀን ብልሽት ስለሆነ ፋብሪካው የሚሠራው በኔ አፍ ሆነ። ፎርማኑ፣ አባቱም አያቱም ባቡር ላይ ያረጁ አንድ ቆፍጣና ሰው፣ በሩ ላይ ቆሞ ሦስተኛው ስንት ነው ብሎ ይጮኻል። እኔ ስዊቹን ቀጭ ቀጭ አድርጌ፣ መብራቱን አየት አድርጌ፣ ዘጠኝ መቶ አርባ እለዋለሁ። እሱም ነዳጁን ይጨምራል ወይ ይቀንሳል። ሠራተኛው መብራት ቆጣሪው ይለኝ ጀመር። ሲጀምሩ ለስድብ ነበር፤ እየቆየ እኔም ወደድኩት። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ከምድጃ ጎን የሚሠራ ሰው ሁሉ ነፍሱ በኔ ጣት ላይ እንዳለች ያውቃል፤ እኔም እንደሚያውቅ አውቃለሁ።

ከዚያ ልጁ መጣ።

የከዚራ ልጅ ነው፤ ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ፣ ከዛፍ ጥላው ሰፈር። እኔ ከወንዙ ወዲህ የመጋላ ነኝ። ውጭ አገር አምስት ዓመት ተምሮ ነው የመጣው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ግን ጨዋ ነው። ጋሼ ሳይል አያናግረኝም፣ ወንበሩን ይለቅልኛል፣ ሻይ ሲያዝ ለኔም ያዛል። አንድ እሁድ ደግሞ ቤቴ መጥቶ ዓመት ሙሉ የተበላሸውን ሬዲዮ ከፍቶ ባንድ ሰዓት ውስጥ አስጮኸው። ባለቤቴ አንድ ወር ሙሉ ሬዲዮውን በከፈተች ቁጥር እጁ ይባረክ አለች። ሬዲዮውን በቀን ስንት ጊዜ እንደምትከፍተው አላውቅም፤ ምርቃቱን ግን ቆጥሬዋለሁ።

ልጁ አዲስ ፕሮግራም በቴፕ ይዞ ነበር የመጣው። ማተሚያውንም ጠገነው። ከዚያ ወዲያ ሙቀት የፈለገ ሰው ምድጃ ሦስት ብሎ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ሄዶ ከጓዳው፣ ከነዚያ ትንንሽ ቤቶች አምጥቶ፣ ዘጠኝ መቶ አርባ ዲግሪ ብሎ ያትምለታል። ፎርማኑም በሩ ላይ መጮኹን ተወ። አንድ ቀን በልማድ ስዊቹን ስነካ ልጁ አየኝ። ተቆጥቶ አይደለም፣ ሊያስረዳኝ ፈልጎ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ፕሮግራሙን ባሻሻለ ቁጥር የቤቶቹ ቦታ እንደሚቀያየር፣ ትናንት ሙቀት የነበረበት ቤት ዛሬ ሌላ ነገር ሊያድርበት እንደሚችል፣ የትኛው የት እንዳለ የሚያውቀው ፕሮግራሙ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። መብራቱ የሚያሳየው ቁጥር ነው፤ የምን ቁጥር እንደሆነ አይናገርም አለኝ።

"ጋሼ፣ ከጓዳው በቀጥታ አትውሰድ። ፕሮግራሙን ጠይቀው፣ እሱ ይሰጥሃል።"

በማግስቱ መብራቶቹንና ስዊቾቹን በቆርቆሮ ሸፍኖ በአራት ብሎን አሰረው። አቧራ እንዳይገባ ነው አለ። አቧራውን የምጠርገው እኔ አይደለሁም? ወላሂ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ሰምቼዋለሁ። ይህን አሁን የምናገረው እንዲታወቅ ነው። የነገረኝን አንድ በአንድ ሰምቻለሁ፣ ገብቶኛልም። ግን በጆሮ የገባው ሆድ ሳይደርስ ቀረ።

ሦስተኛው ምድጃ በዚያ ሰሞን አዲስ ጡብ ለብሶ ነበር። አዲስ ጡብ እሳት የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። በጣም ከጋለ ይሰነጠቃል፤ በድንገት ከቀዘቀዘም ይሰነጠቃል። ለዚያ ሳምንት የምድጃው ማያ ቀዳዳም ስለተደፈነ ፎርማኑ እንደ ወትሮው የእሳቱን ቀለም አይቶ መፍረድ አይችልም። ያለው ቁጥሩ ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከተማው በሩን ዘግቶ የሚያርፍበት ጊዜ ነው፣ ልጁ ለምሳ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ካቻቪቴ አወጣሁ። ምን ፈለግክ ብትሉኝ፣ መብራቶቹ ናፍቀውኝ ነበር። ይህ እንኳ ሙሉው እውነት አይደለም። ልጁ ሲሳሳት ማየት ናፍቆኝ ነበር።

አራቱን ብሎን ፈታሁ። የሦስተኛውን ምድጃ የድሮ ቤት ቁጥር ጣቴ ራሱ ያውቀዋል። ሁለተኛው ቤት አራት አለ፤ አንድ ሺህ ሃያ አራት ማለት ነው። የመጀመሪያው ቤት መቶ ስልሳ ስድስት። ሲደመር አንድ ሺህ መቶ ዘጠና። ወረቀቱን አየሁ፤ ፕሮግራሙ ያተመው ዘጠኝ መቶ አርባ ነው። ደግሜ ሳይ መብራቱ አንድ ሺህ መቶ ዘጠና አንድ ሆኗል። ቆየሁ፤ ዘጠና ሁለት ሆነ። ምድጃው እየጋለ ነው፣ ማንም አያውቅም፣ ልጁ ከዚራ ምሳውን ይበላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። የምድጃ ሙቀት እንደ ወታደር አንድ አንድ እያለ አይወጣም። ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስምንት ይላል፣ አርባ አንድ ይላል፣ ተመልሶ ሠላሳ ዘጠኝ ይላል፤ እንደ ሰካራም ነው የሚሄደው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያየሁት ነው። የዚያን ቀን ግን አላስታወስኩትም፤ ማስታወስ አልፈለግኩም።

ሮጥኩ። ፎርማኑ ከምድጃው ጥላ ስር ጋደም ብሎ ነበር። ማሽኑ ይዋሻል፣ ሦስተኛው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሊገባ ነው አልኩት።

"በዓይንህ አይተሃል?"

"በዓይኔ።"

ከዚህ ሌላ አልጠየቀኝም። ሁለት ዓመት ያመነኝ ሰው ነው። ነዳጁን ዘጋ፣ የንፋስ በሩን በረገደው። እኔ ደስ አለኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከምድጃው ሆድ ጥይት የመሰለ ድምፅ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ጡቡ ነው የሚሰነጠቀው። ከምሳ የተመለሰው ልጅ ከበሩ ጀምሮ እየሮጠ መጣና፣ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ፣ ማን ዘጋው፣ ማን ዘጋው ይል ጀመር።

ያኔ ዘመኑ የዋዛ አይደለም። የመንግሥት ምድጃ ሲሰነጠቅ አደጋ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ አሻጥር ነው ይባላል። በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፋብሪካው ኮሚቴ ተቀመጠ። ጥያቄው አጭር ነው። ጡቡን የሰነጠቀው መጋሉ ነው ወይስ መቀዝቀዙ? በመጋሉ ከሆነ ሐሰት ያተመው የልጁ ማሽን ነው፤ ጥፋተኛው እሱ ነው። በመቀዝቀዙ ከሆነ ያስዘጋሁት እኔ ነኝ። ልጁ ሙቀቱ ዘጠኝ መቶ አርባ እንደነበር ማለ። እኔ ያየሁት የድሮ ቦታ እንደሆነ፣ እዚያ አሁን ምን እንዳለ ፕሮግራሙን ሳያይ በቃሉ እንደማያስታውሰው፣ ቦታው እንደተቀየረ ግን አስቀድሞ እንደነገረኝ ተናገረ። ሊቀ መንበሩ ወደኔ ዞረ።

"ጓድ፣ ቦታው መቀየሩን ነግሮህ ነበር?"

ልጁ አየኝ። ሰው ተስፋ ሲያደርግብህ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

"አልነገረኝም" አልኩ።

ልጁን ወደ ቀበሌው እስር ቤት ወሰዱት። እኔን ንቁ ሠራተኛ አሉኝ። ሊቀ መንበሩ እጄን ጨበጠኝ፤ የማሽኑን ክፍል ቁልፍም እኔው እንድይዝ፣ ሌላ ማንም እንዳይገባ፣ ማሽኑም እንዳለ እንዲቆይ ታዘዘ። ከነገ ወዲያ፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የልጁ ጉዳይ በደብዳቤ ወደ በላይ አካል ይሄዳል ተባለ። ወደ በላይ የሄደ ሰው ደግሞ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

ረቡዕ ጠዋት ፋብሪካው ውስጥ ስገባ ድንጋይ ጫኞቹ ብድግ አሉልኝ። አንዱ፣ "አቦ መብራት ቆጣሪው፣ ምሁሩን አበላሸኸው አይደል" አለኝና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ክፍሉን ከውስጥ ቆለፍኩና ቆርቆሮውን አንስቼ ከመብራቶቼ ፊት ተቀመጥኩ። የማንም አይደሉም፤ የኔ ናቸው። እስቲ ሦስተኛውን ልየው ብዬ ቁጥሩን ሰጠሁት።

ሁለተኛው ቤት አሥር። የመጀመሪያው ሰባ። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሠላሳ።

መጀመሪያ ስዊች የሳትኩ መሰለኝና ደግሜ ቆጠርኩ። ያው ነው። ሦስተኛው ምድጃ እኮ ከትናንት ጀምሮ ሞቷል። ጠዋት ሁለት ግንበኞች ውስጡ ገብተው የተሰነጠቀውን ጡብ ሲለቅሙ አይቻለሁ። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዲግሪ ውስጥ ገብቶ ጡብ የሚለቅም ግንበኛ የለም። ዓይኔን ሳልነቅል ተቀመጥኩ። ጠፍታ የነበረችው የቀኝ ዳሯ መብራት በራች፤ ሠላሳ አንድ። ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተያየኋት። የሰዓቱ ቀጭን እጅ አንድ ዙር ሲዞር፣ እሷና ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ጠፉና አራተኛዋ በራች፤ ሠላሳ ሁለት። ሌላ ዙር፤ ሠላሳ ሦስት።

ደቂቃ ነው። ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ የሚቆጥረው ደቂቃ። በጣቴ ወደ ኋላ ቆጠርኩ፤ ሰኞ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ አደረሰኝ። ሰኞ ከሰዓት መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑን ያስነሳነው በዚያ ሰዓት ነው፤ ራሴ ነበርኩ ቁልፉን የተጫንኩት። ሙቀት ብዬ ምድጃ ያስዘጋሁት በሰዓት ቆጣሪ ነው። የደላላ ልጅ፣ ምኑን እንደያዝኩ ሳልጠይቅ ጣት ቆጥሬ ወጣሁ።

ቆርቆሮውን መልሼ አሰርኩት። አጠነከርኩት። ከኔ በቀር ይህን ያየ የለም፤ ማሽኑን አጥፍተው ቢያስነሱት እንኳ ቁጥሩ ከዜሮ ይጀምራልና ምንም አይታወቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ስለ ልጁ አልነበረም። ነገ እውነቱ ቢወጣ ፎርማኑ በምን ዓይን ያየኛል የሚለውን ነበር። ድንጋይ ጫኞቹ ስሜን መልሰው ለስድብ ያደርጉታል የሚለውን ነበር። ልጁ ተፈትቶ መጥቶ በዚያ ጨዋነቱ ጋሼ አይዞህ ሊለኝ ነው የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይብስ ነበር።

ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ወሬዬን ከጎረቤት ሰምታ ሥጋ ገዝታ ጠበቀችኝ። ግን ፊቷ የደስታ አይደለም። ቀፊራ ገበያ የልጁን እናት እንዳገኘቻት ነገረችኝ። ሴትዮዋ ምንም ሳትገዛ ባዶ ዘንቢል ይዛ ትዞራለች። ለቀበሌ እስረኛ ምግብ የሚገባው በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀቻት። ባለቤቴ እንደማታውቅ ነገረቻት። የማን ሚስት እንደሆነች ግን አልነገረቻትም።

ሳህኑን ገፋ አደረግኩት። ቀስ በቀስ፣ አንድ በአንድ፣ ሁሉንም ነገርኳት። መብራቱን፣ ደቂቃውን፣ ልጁ እንደነገረኝም፣ አልነገረኝም እንዳልኩም። ስጨርስ ግን ግትርነቴ ተነሳ። ከአፌ የወጣውን አልመልስም፣ እሱስ ማን ነው፣ በስንት ዓመት የያዝኩትን በአንድ ቴፕ የወሰደብኝ አልኳት። ሳህኑን አነሳች። ወደ ውስጥ ልትገባ ስትል ቆም አለችና፣

"ቅና፤ ማን ከለከለህ" አለችኝ። "ግን እሱ ውጭ ሆኖ ቅናበት።"

ያንን ሌሊት ተኝቻለሁ ብል ውሸት ነው፤ አልተኛሁም ብልም ማን ያምነኛል።

ሐሙስ ጠዋት በድልድዩ አልሄድኩም፣ የደቻቱን አሸዋ አቋርጬ በእግሬ ሄድኩ። ሳይረኑ ሳይነፋ ፋብሪካው በር ደረስኩ። ከኮሚቴው ቢሮ ፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሊቀ መንበሩ በብብቱ ፋይል ይዞ መጣ። ደብዳቤው ውስጡ ነበር፤ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው። አየኝና ፈገግ አለ፤ ንቁ ሠራተኛ ነኛ። ብድግ አልኩ።

"ልጁ ነግሮኝ ነበር። ዋሽቻለሁ" አልኩት። "ያየሁትም ሙቀት አይደለም።"

መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ፊቱ ጠቆረ። ይህ ነገር አንተን የት እንደሚያደርስህ ታውቃለህ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ደግሞ ቢያንስ ቁጭ ብለህ አስብበት አለኝ፤ አስቤበታለሁ፣ አንተ ና ራስህ እይ አልኩት። ፋይሉን እንደያዘ ተከተለኝ። ክፍሉን ከፈትኩ፣ ቆርቆሮውን ፈታሁ፣ የሦስተኛውን ምድጃ የድሮ ቤት ቁጥር ሰጠሁት። ከዚያ ሊቀ መንበሩን ክንዱን ይዤ ከመብራቶቹ ፊት አቆምኩትና፣ አንዱን ዓይንህን በእጅ ሰዓትህ ላይ፣ ሌላውን በዚች በቀኝ ዳር ባለችው ላይ አድርግ ብዬው እኔም ከጎኑ ቆምኩ።